በኮሪደር ላይ የተፈረመ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ዶክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎም እንደኔ ዓይነቱ ሰው ወገብ በየማለዳው የማያጉረመርም እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። አይበለውና አንድ ቀን ታመው ሐኪም ፊት መቅረብ ግድ ቢሆንብዎ ደግሞ፣ ያ ሐኪም ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥዎ፣ በር ዘግቶ የሚያነጋግርዎ ይሁን። ይህን የምመኝልዎ በክፍልዎ ውስጥ ወንበርም በርም እንዳለ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው መንገድ፣ ከፎቶ ቤቱ አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ናት። አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ሁለት ልጆችም አሉን። ባለፈው ጊዜ በክፍልዎ ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በግልጽ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ምስጋናው በአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ቢቀር የሚያሳዝን ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መዘግየቴን አልክድም። ለምን እንደዘገየሁ ወደ ታች ስወርድ እነግርዎታለሁ፤ አሁን በቅደም ተከተል ላመስግን።

አንደኛ፤ ስለ ኮሪደሩ አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በላይ የወር አበባዋ መቆሚያ አጥቶባት ነበር። ጥቁር ቱታ ብቻ መልበስ ጀመረች። በቦርሳዋ ሁለት ትርፍ ሱሪ ይዛ ትወጣና አንዳንድ ቀን ሁለቱንም በፌስታል ቋጥራ ትመለሳለች። ከአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረዶች ጋር ሮጣ የምትቀድም ሴት፣ የመረብ ኳሱን ምሰሶ ይዛ ትንፋሽ መሰብሰብ አመጣች። ይህን ሁሉ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። የሴት ነገር ነው፣ ከጠየቅኳት ታፍራለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያፈርኩት ግን እኔ ነበርኩ።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በፊት ሜዳው መካከል ቁጭ አለችና መነሣት አቃታት፤ መምህራኑ ደግፈው ወደ እናንተ አመጧት። አልትራሳውንድ ሲታይ በማህፀኗ ውስጥ እጢ ተገኘ። ክፉው ዓይነት እንዳልሆነ ተነገረን፤ ደሟ ግን እጅግ ወርዶ ነበርና ደም ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን መድማቱ ቆሞ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ከጎኗ ካሉት ሴቶች ጋር ትቀልድ ጀመር። ቀዶ ሐኪምዎ “የቤተሰብ አባል ይምጣ” ብሎ ያስጠራኝ በዚያን ቀን ነው።

የተነጋገርነው ከራጅ ክፍሉ በር ፊት ለፊት፣ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ሙሉ ሰው ባለበት ኮሪደር ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ እግራችሁን አንሡልኝ ብላ በመካከላችን ወለሉን ወለወለች። ሐኪሙ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ እንዳደረገ፣ የባለቤቴን ካርድ በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ነገረኝ።

“ማህፀኗ ይወጣል። ሆዷን ከፍተን ነው የምናወጣው። ልጆች አሏችሁ?”

ሁለት አልኩት።

“እንግዲያው ከዚህ በኋላ ምን ያደርግላታል?”

ራሴን ነቀነቅኩ። በሁለት ወንዶች መካከል ስለ አንዲት ሴት አካል የተደረገው ምክክር በዚሁ ተጠናቀቀ። ከምክክሩ ተሳታፊዎች መካከል የእርስዎን ሐኪም፣ እኔን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ እንዲሁም ራጅ የሚጠብቁ ዘጠኝ ያህል ሰዎችን መጥቀስ እችላለሁ። ባለቤቴ ከዚያ ሃያ እርምጃ ርቃ ብርቱካኗን ትበላ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ጊዜ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ።

ነገሩ ሁሉ አራት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን ፍሪጄ አልቀዘቅዝ አለ የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ መቼ ጀመረ፣ ድምፅ ያሰማል ወይ፣ በሩ ገጥሞ ይዘጋል ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ሞተሩ ይውጣ ብዬ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከበሩ ላስቲክ ሆኖ ይገኛል። ይህ የኋላ ቀር ሰው ልማድ እንደሆነ ከእናንተ ተምሬያለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰማያዊው ማኅተም አመሰግናለሁ።

እንድፈርምበት በተሰጠኝ ወረቀት ግርጌ “አማራጭ ሕክምናዎች ለታካሚዋና ለቤተሰብ ተብራርተዋል” የሚል ማኅተም አርፎበት ነበር። ለጥንቃቄ ያህል ሲስተሯ በክንዷ ይዛው የነበረውን ክምር ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ ገና ያልተሞሉት ቅጾችም ሁሉ ማኅተሙ አርፎባቸዋል። ገና አልጋ ላልያዙ፣ ምናልባትም ገና ላልታመሙ ሴቶች ሁሉ አስቀድሞ ተብራርቶላቸዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላጋጠመኝም። እኔ ከፈረምኩ በኋላ ሲስተሯ ወረቀቱን ወደ ባለቤቴ አልጋ ወስዳ “ከእሳቸው ሥር ፈርሚ” አለቻት። የእኔ ፊርማ ከላይ፣ የማህፀኑ ባለቤት ፊርማ ከታች።

ደግ ደጉንም ልናገር። የቀዶ ሐኪምዎ እጅ የተባረከ ነው፤ ቁስሏ ሳያመረቅዝ ደርቋል። ከእምብርቷ በታች ከዳር እስከ ዳር የተሰመረው መስመር ቀጥ ያለ ነው። ለሁለት ሳምንት ትራስ ሆዷ ላይ ሳትይዝ ማሳል አልቻለችም። ታናሽ ልጃችን ሊያስቃት ሲሞክር “ተው፣ እየጎተተኝ ነው” እያለች እንባዋን ታፈስ ነበር። ለሦስት ወር ከባድ እንዳታነሣ ስለ ተከለከለች የኳሶቹን ጆንያ ተማሪዎቹ ይሸከሙላታል፤ እሷ ፊሽካ ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታስተምራለች።

አራተኛ፤ ስለ ሦስተኛው ፎቅ አመሰግናለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ለቀጠሮ ስንመጣ የተቀበለችን ሌላ ሐኪም ነበረች፤ ወጣት፣ መነጽር የምታደርግ፣ አስቀድማ በሩን የምትዘጋ። ካርዱን አገላብጣ የአልትራሳውንዱን ውጤት ደጋግማ ካየች በኋላ፣ በካሜራ መሠራቱን ለምን እንዳልፈለገች ባለቤቴን በትሕትና ጠየቀቻት። ባለቤቴ ስለ ምን ካሜራ እንደምትናገር አልገባትም። ያን ጊዜ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠግታ አስረዳቻት።

እጢው ያደገው ወደ ማህፀኑ ውስጠኛ ክፍል ነበር። እንዲህ ያለውን፣ መጠኑ ከፈቀደ፣ ሆድ ሳይከፈት በታች በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ እጢውን ብቻ ማውጣት ይቻላል። አንዳንዷ ሴት በመድኃኒት፣ አንዳንዷ ማህፀን ውስጥ በሚቀመጥ፣ ሆርሞን በሚለቅ ሉፕ ደሟ ይቀንስላታል። ወደ እጢው የሚሄደውን የደም ሥር ዘግቶ እንዲሟሽሽ ማድረግም አለ። ማህፀኑ የግድ ይውጣ ቢባል እንኳ በታች በኩል፣ ወይም ሆድ ላይ በሚበሱ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ የተሠራች ሴት ቶሎ ትነሣለች። ሆድ መክፈት የግድ የሚሆንበት ሰውም አለ። የካሜራው ክፍል በዚሁ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለሙያው የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ባለቤቴ የተከፈተችው ማክሰኞ ነበር።

“ለእርስዎ ይበቃዎት ነበር ብዬ አልምልም” አለቻት ሐኪሟ። “ምርመራው ሳይደረግ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ግን ምርጫው የእርስዎ ነበር።”

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። “ጠይቀኸው የለም እንዴ?” አለችኝ።

“ጠይቄው ሌላ መንገድ የለም ብሎኛል” አልኩ።

አምስተኛ፤ ስለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎ አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ መብቷን የምታውቅ ሰው ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ቁጭ ብላ አቤቱታዋን ጻፈች፤ “ባለቤቴ አማራጭ እንዳለ ጠይቆ የለም ተብሏል” ብላ አሰፈረች። ኮሚቴውም ጠራን። አዳራሹ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ሰብሳቢው፣ ሁለት አባላት፣ ጸሐፊዋ፣ ቀዶ ሐኪምዎ፣ ባለቤቴና እኔ። ሐኪሙ ሲጠየቅ እኚህ ሰው ምንም አልጠየቁኝም፣ የት ልፈርም ብቻ ነው ያሉኝ አለ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ሲዞር ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠይቄዋለሁ አልኩ። የቃል ለቃል ነገር ሆነብን፣ የትኛውን እንመን እያሉ እርስ በርስ ሲተያዩ ባለቤቴ ከወንበሯ ተነሣች። በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ነበር።

“ባለቤቴ አይዋሽም” አለች። “አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ብዙ ጉድለት አለበት፤ አይዋሽም ግን።”

ክቡር ዶክተር፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ሰባት ሰዎች እውነቱን አውቆ የተናገረው የእርስዎ ሐኪም ብቻ ነበር።

አልጠየቅኩትም። ወደ ኮሪደሩ ከመውጣቴ በፊት ባለቤቴ ከተማሪዎች መቆጣጠሪያ ደብተር ላይ በቀደደችው ወረቀት ሦስት ጥያቄ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። እጢው ብቻ ሊወጣ አይችልም ወይ፤ ሆድ ሳይከፈት የሚሆንበት መንገድ የለም ወይ፤ ለጊዜው በመድኃኒት ብንሞክረውስ። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የእህቷን ታሪክ አጫውታት ኖሮ ሐሳቡን ያገኘችው ከእሷ ነው። ወረቀቱን በሸሚዜ ኪስ፣ ከካቻቪቴዬ አጠገብ አድርጌ ወጣሁ።

ከፊት ለፊቴ ካለው አግዳሚ ላይ ደግሞ ሠፈሩ ሬዲዮ የሚለው ሥጋ ሻጭ ተቀምጧል። አውራ ጣቱን ቆርጦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ተራ ይጠብቃል። ይህ ሰው ጠዋት የሰማውን ለምሳ የማያደርስ አይደለም። እኔ ደግሞ በሱቄ አካባቢ ባለቤቴ የገባችው ለትርፍ አንጀት ነው ብዬ አስወርቼ ነበር። ሐኪሙ ማህፀን ሲል ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፤ ወረቀቱን ነካሁት። ወረቀቱን ባወጣ ያን ቃል እኔም በአፌ ልጠራው ነው፤ ስለ ባለቤቴ ደም፣ ስለ ባለቤቴ ታች፣ በዘጠኝ ሰው ፊት ላወራ ነው። ሥጋ ሻጩ የታሰረ ጣቱን አንሥቶ ሰላም አለኝ። እጄን ከኪሴ ባዶውን አወጣሁና የት ጋ ነው የምፈርመው አልኩ።

ስመለስ ባለቤቴ የብርቱካኑን ልጣጭ በሶፍት እየጠቀለለች ነበር።

“ጠየቅከው?”

“ጠየቅኩት።”

“ሦስቱንም?”

“ሦስቱንም። ሌላ መንገድ የለም አለ።”

“እሺ፣ አንተ ካልክ” አለችና ሲስተሯ ወረቀቱን ስታቀርብላት ፈረመች። እንግዲህ ከእኔ ፊርማ ሥር የፈረመችው የእናንተን ማኅተም አምና አልነበረም።

ከኮሚቴው በማግስቱ ጠዋት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ለበላይ አካል ይግባኝ ትጽፍ ጀመር። እኔ ጫማዬን አስሬ ልወጣ ስል አስቆመችኝ። ሐኪሙ ቃል በቃል ምን እንዳለኝ ንገረኝ፣ እንዳለ ልጻፈው አለችኝ። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሌላ ቃል መፍጠር እችል ነበር፤ ሦስት ጊዜ ፈጥሬያለሁና አራተኛው አይከብደኝም። ግን በራሷ እጅ ጽሑፍ ውሸቴን ስትጽፈው ቆሜ ማየት አቃተኝ።

“ምንም አላለኝም” አልኳት። “አልጠየቅኩትም።”

የእስክሪብቶውን ክዳን ቀስ ብላ ገጠመች። ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። እዚያ ማን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

“ሬዲዮ?” አለችና ሳቀች፤ ስትስቅ እጇ ከልማድ የተነሣ ሆዷ ላይ ሄደ። “ለሬዲዮ ብለህ ነው?”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳቋ እንደመጣ ሄደና “ለሰው ፍሪጅ ሦስት ጥያቄ ትጠይቃለህ” ብላኝ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባች። በሩን አላላተመችም፤ ዝም ብላ ዘጋችው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ለአሥራ አንድ ቀን በቤታችን ወሬ የሚመጣልኝ በሴት ልጄ በኩል ነበር፤ ለአባትሽ ውኃው መጥቷል በዪው፣ አባትሽን ቁልፉን የት እንዳደረገ ጠይቂው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ራሷ መጥታ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

“ለእኔ አትበለኝ” አለች። “እዚያ ኮሪደር ላይ አፍረህ ያላልከውን፣ አሁን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ በለው።”

ክቡርነትዎ ይህን ደብዳቤ የሚያነቡት በዚህ ምክንያት ነው። ወደ እርስዎ ከመላኬ በፊትም ረቂቁን በሱቄ መስታወት ላይ ለጥፌው ሰነበትኩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት አነበበው፤ ደንበኞቼ አነበቡት፤ አንዳንዶቹ ፍሪጃቸውን ወደ ሌላ ጠጋኝ ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ሥጋ ሻጩ መጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበና ወደ ውስጥ ገባ። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ኩምሽሽ አልኩ። እሱ ግን ከልቡ ግራ ተጋብቶ ነበር።

“እኔ እኮ ያን ቀን ምንም አልሰማሁም” አለኝ። “አውራ ጣቴን ነበር የሚያመኝ።”

እንግዲህ ከእርስዎ የምለምነው ጥቂት ነው። ኮሪደሩን ለሚያልፍበት ሰው ይተዉት። ባል ሲጠራ ሚስትም ትጠራ፤ ይልቁንም እሷ ብቻ ትጠራ፣ ባል ከፈለገች እሷ ታስጠራው። ማኅተሙን ከማብራሪያው በኋላ ያሳርፉት። የሦስተኛውን ፎቅ ነገር የምታውቀውን ወጣት ሐኪም ደግሞ፣ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ቅር እንዳይሰኙባት አደራ። እንደኔ ዓይነት ባል ነገ ሌላ መምጣቱ አይቀርምና፣ እሱ ባይጠይቅም እናንተ ንገሩ። የእሱ ዝምታ የእናንተን ዝምታ ሊሸፍን አይገባም፤ የእናንተም የእሱን። እኔ የራሴን ድርሻ ተሸክሜያለሁ፤ የእናንተን ግን ለብቻዬ ልሸከምላችሁ አልችልም።

ባለቤቴ ዛሬ ደህና ናት። ፊቷ ቀልቶ ተመልሷል፤ ባለፈው ሳምንት ነጭ ቱታ ገዝታ መጣች። ይቅር ብላሃለች ወይ ቢሉኝ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር፤ “ገና ነው” ብላኛለች። እየጠበቅኩ ነው።

ለክፍልዎ ጽናትን፣ ለኮሪደርዎ ጸጥታን፣ ለቀለም ጠጪው ማኅተምዎ ዕረፍትን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

በዘጠኝ ሰው ፊት አንድ ቃል መናገር አቅቶት በከተማው ሁሉ ፊት ለመናገር የተገደደው፣
አክባሪዎ
ፍሪጅ ጠጋኙ

ግልባጭ
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው፦ በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው የእኔ ቃል ውሸት መሆኑ ታውቆ እንዲታረም
ለሱቄ መስታወት

ማሳሰቢያ፦ ምናልባት መልስ ለመጻፍ ቢያስቡ፣ ፖስታው ላይ የእኔን ስም እንዳይጽፉ እለምናለሁ። ጉዳዩ የባለቤቴ ስለሆነ በእሷ ስም ይላኩላት። ማንበብ ትችላለች፤ ከእኔ በላይ መጻፍም ትችላለች። እርስዎም ሆኑ እኔ ባንጠይቃትም፣ መናገርም ትችል ነበር።